የጋሽ ደምሴ ሸክላዎች አስተርጓሚ

አሮጌ ሸክላ ሰብስቦ የሚያዳምጥ ሰው አልወድም። ይህን በአደባባይ ጽፌዋለሁ። ከተማው ሁሉ አቧራ የጠጣ ዲስክ ፍለጋ የሚራኮትበት አንድ ሰሞን ነበር፤ ያን ጊዜ «ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ የድሮውን ጥርስ ነቃይ አስታውሱ» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ጽሑፉ ብዙ ሰው አስቀየመ፤ እኔም የልቤ ደረሰ። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ያሳክከኛል። ሰርግ ቤት ሁሉም ክትፎውን ሲያደንቅ እኔ ጎመኑን ማወደስ እጀምራለሁ። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን የመቃወም በሽታ ትለዋለች። በዚህም አልስማማም።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው፣ በቀደም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ በእትዬ አስካለ ሳሎን ውስጥ፣ ከአንድ የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ አጎንብሼ፣ ቀኝ እጄን ወደ ኮርኒሱ ዘርግቼ፣ በላብ ርሼ ስጮህ ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ባለቤቴ አይታኛለች። ምን እንዳለች በቦታው እነግራችኋለሁ። ቶሎ ልነግራችሁ ያልፈለግሁት ስለሚያሳፍር ነው።

እትዬ አስካለ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። የእኛ መኝታ ቤትና የሟች ባለቤታቸው የጋሽ ደምሴ ክፍል በአንድ ግንብ ይዋሰናሉ። ጋሽ ደምሴ በሕይወት ሳሉ ያ ግንብ ከሰዓት በኋላ ዱም፣ ዱም፣ ዱዱም ይል ነበር። ዘፋኙ፣ ጥሩምባው፣ ቃሉ እዚያው ይቀራል፤ ወደ እኛ የሚሻገረው ቤዙ ብቻ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ትራሴ ሥር የማን እንደሆነ የማላውቀው ልብ ሲመታ ኖሯል ማለት ነው።

ሁለቱ የኖሩት በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት አገር ነው። እትዬ አስካለ በወጣትነታቸው ጌታን ተቀብለው ጴንጤ ሆኑ፤ ሳሎኑን ለጸሎት ያዙ። ጋሽ ደምሴ አልተከተሏቸውም። በዓመቱ የማርያም በዓል ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ የቀረውን ጊዜ ከማዞሪያው ግሮሰሪና ከዚያች ክፍል አያልፉም። ሚስት ባል እንዲድን ትጸልያለች፤ ባል በሩን ዘግቶ ሸክላ ያዳምጣል። ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ በመካከላቸው የሚመላለስ መልእክተኛ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ እንዲህ እንዳሉ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ሞቱ።

ሰኞ ዕለት እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ አይደል?»

«አነባለሁ፤ ከመውደድ ግን አይደለም» አልኩ። ለቀላል ጥያቄ ቀላል መልስ መስጠት አልችልበትም።

«ደምሴ የት ነው ያለው?»

እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ሐዘን አእምሯቸውን ነክቶት ነው ብዬ የመቃብሩን ቦታ ላስታውሳቸው ስዳዳ፣ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ሥጋውንማ አንተም ቀብረኸዋል። ነፍሱን ነው የምልህ። ሳይቀበል ነው የሞተው። ስጸልይለት ኖሬ፣ እዚያች ክፍል ዘፈን ሲሰማ ኖሮ፣ ሄደ። ሐሙስ የጸሎት ኅብረታችን መጥቶ ቤቱ ላይ ሊጸልይ ነው። ወንድም ሳሙኤል ሸክላዎቹ ይውጡ ብሎኛል። ይውጡ፤ ግድ የለኝም። ግን ከመውጣታቸው በፊት ምን እንደሚሉ ልወቅ። አንድ ቀን እንኳ ምን ይላል ብዬ አልጠየቅሁትም።»

እንግዲህ በዚህ ላይ ምን ይቀለዳል? ገባሁ።

ሸክላዎቹ በፓስታ ካርቶን ውስጥ በጥንቃቄ ቆመዋል። የመጀመሪያውን አወጣሁ። ሽፋኑ ላይ ጸጉሩ እንደ ዋርካ የተንሰራፋ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣ ወለል የሚጠርግ ሱሪ ለብሶ ቆሟል። እትዬ አስካለ ፊታቸውን አዞሩ። ጀርባውን አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። መነጽሬን ጠረግሁ።

«ይሄ ማነው?» አሉ።

«ዘማሪ ነው።»

«ደረቱን ከፍቶ?»

«ሙቀት ሆኖበት ይሆናል፤ እትዬ።»

ሁለተኛው ላይ ወርቃማ ቀሚስ የለበሰች፣ ሽፋሽፍቷ ጥላ የሚሆን ሴት አለች።

«ይህችስ?»

«እሷም ዘማሪ ናት። ጀርባው ላይ ለጌታ ክብር ይላል።»

«ቢልስ! ሰይጣን ቃሉን የማያውቅ መሰለህ? ጌታን ሲፈትነው ጠቅሶለት የለ?»

ካርቶኑን እስከ ታች ፈተሽኩት። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ስለ ጸሎት፣ ስለ ምሕረት፣ ስለ ማዶው አገር፣ ተስፋ ስላለመቁረጥ ነው። ጥቂቶቹም ቢሆኑ ሰው ሰውን ይውደድ፣ ድሃ አይገፋ የሚሉ ናቸው። ልብሱ የዳንኪራ ቤት፣ ምቱ የዳንኪራ ቤት፣ ነገሩ ግን ስብከት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። በእኛ አገር ሙዚቃ ሁለት ነው፤ ዘፈንና መዝሙር። ትከሻ ካስነቀነቀ ዘፈን ነው፣ እጅ ካስነሳ መዝሙር። ሕጉ ድሮ ግልጽ ነበር። ዛሬ ግን ከቤታችን በላይ ያለው የጸሎት አዳራሽ ኪቦርድ እሁድ ጧት የሚያወጣውን ምት፣ ቅዳሜ ማምሻውን ማዞሪያው መጠጥ ቤት ውስጥ እንደሰማሁት ምዬ መናገር እችላለሁ። ልዩነቱን የሚያስጠብቀው ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉ በማይገባን ቋንቋ ከሆነስ? ያን ጊዜ የምንፈርደው በሱሪው ስፋት ነው። ጋሽ ደምሴ ሲፈረድባቸው የኖረው በሰው ሱሪ ነው።

«ማጫወቻውን ላስነሳና ሐሙስ ሁሉም ይስማ» አልኩ። ልብ በሉ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ወንድም ሳሙኤል የሚባለውን ሰው ገና ሳላየው ልቃወመው መቸኮሌ ነው።

ማጫወቻው ሞተሩ ይዞራል፤ ዲስኩ የሚቀመጥበት ሳህን ግን አይዞርም። ሁለቱን የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት፣ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ተጣብቋል። ጦር ኃይሎች ወርጄ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ።

«ቺንጋ ለምኑ?» አለ ሻጩ።

«ለሸክላ ማጫወቻ።»

«ፋዘር፣ ብሉቱዝ አለው?»

«የለውም።»

«ፍላሽስ ይቀበላል?»

«አይቀበልም።»

«ታዲያ ዘፈኑ በየት ነው የሚገባው?»

«በመርፌ።»

ትክ ብሎ አየኝና ወደ ጓዳ ጮኸ። «አንተ፣ ና ስማ! ፋዘር ዘፈን በመርፌ ነው የሚወስዱት!»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ያነበበ ሰው አያፍርም፤ ቤት ገብቼ ከአንድ ሙታንታዬ ላይ ላስቲኩን ፈትቼ አወጣሁ። ባለቤቴ ደረሰች።

«አዲሱን ነው የቀደድከው?»

«የአሮጌው ላስቲክ ላልቷል።»

«እና ለማን ልታስርበት ነው?»

«ለአንዲት ነፍስ» አልኩ፤ ከዚያ በላይ ብገልጽም የምታምነኝ አልመሰለኝም።

ሐሙስ ደረሰ። የእትዬ አስካለ ሳሎን በእህቶች ተሞላ፤ ሶፋው አልበቃ ብሎ የፕላስቲክ ወንበር ከእኛ ቤት ሄደ። ወንድም ሳሙኤል ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ጎልማሳ ነው። የውጭ አገር ሰባኪ ሲመጣ መድረክ ላይ አብሮ ቆሞ የሚያስተረጉመው እሱ መሆኑን እህቶች ነገሩኝ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ በዚህም አናደደኝ።

«ጋሼ፣ እኛ በሰው ልንፈርድ አልመጣንም» አለኝ። «ቤቱን ለጌታ ልንለይ ነው።»

«ታዲያ ሳትሰሙ ምኑን ትለያላችሁ?»

«እሺ፤ እንስማ። እትዬ አስካለ ከፈቀዱ።»

እትዬ አስካለ ፈቀዱ። ጥቁር ሻሻቸውን እንዳሰሩ ከማጫወቻው ፊት ለፊት፣ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚጠብቅ ሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ደረቱን የከፈተውን ሰውዬ መረጥኩ። ዲስኩን አስቀመጥኩ፤ መርፌውን አወረድኩ። የሙታንታ ላስቲክ ግን ለሙታንታ የተሠራ ነገር ነው። ለካ አላጠበቅሁትም፤ ሳህኑ ዘገም፣ ዘገም አለ። ከድምፅ ማጉያውም ከምድር ሆድ የወጣ የሚመስል ወፍራም፣ የሚያጓራ የሰው ድምፅ ወጣ፦ «ኦኦኦኦዎዎዎርርር...»

ከጥግ አንዲት እህት «በኢየሱስ ስም!» ብለው ጮኹ። ሌሎቹም ተቀበሏቸው። አሥር እጅ፣ ሃያ እጅ ወደ ማጫወቻው ተዘረጋ። ወንድም ሳሙኤል ከረቫቱን አላልቶ፣ «አንተ ርኩስ መንፈስ፣ ይህን ዕቃ ልቀቅ!» አለ።

«ላስቲኩ ነው!» አልኩ።

«ውጣ!»

«ላስቲኩ ላልቶ ነው! ላጥብቀው!»

«ውጣ! አሁን ውጣ!»

በዚህ ቅጽበት መብራት ጠፋ። ማጫወቻው የመጨረሻዋን «ዎርርር» ብሎ ዝም አለ።

እልልታው ማዞሪያው ድረስ ተሰምቷል። ኮልፌ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መብራት መጥፋቱ ያለና የነበረ ነገር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልብሱን ረቡዕ የሚተኩሰው ለዚህ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። እትዬ አስካለን አየኋቸው። እልል አላሉም። ጭናቸው ላይ ያሉት እጆቻቸው ተጨብጠዋል። ባላቸው ዕድሜ ልካቸውን ከሚያዳምጡት ዘፈን ሥር ያ ድምፅ ተደብቆ ኖሯል ብለው አምነው ነበር። ያን ፊት ዛሬም አልረሳሁትም።

መብራቱ ሲመለስ ላስቲኩን አጥፌ ቋጠርኩት። አሁን ደግሞ ሳህኑ በረረ። ሰውዬው እንደ ጫጩት ተንጫጫ።

«ይሄስ የሕፃናት መዘምራን ነው» አሉ አንዲት እህት፤ ልባቸው ቶሎ የሚራራ ናቸው።

በመጨረሻ መላ አገኘሁ። የግራ ሌባ ጣቴን ከሳህኑ ጠርዝ አሳርፌ እንደ ፍሬን ያዝኩት። ጫን ስል ሰውዬው ይጎረምሳል፤ ለቀቅ ሳደርግ ይቀጥናል። ልክ ላይ ስደርስ ሰው ሆነ። ድምፁ ሞላ፤ ከኋላው ኦርጋኑ ገባ፣ ሴቶቹ ተቀበሉት፣ ያ ቤዝ፣ ለዓመታት በግንብ የመጣልኝ ቤዝ፣ በመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቱን ይዞ መጣ። እውነቱን ልናገር፤ ጸጉሬ ቆመ። ስለ ጥርስ ነቃይ የጻፍኩት ጽሑፍ ትዝ አለኝና እንደማላውቀው ሆንኩ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ወንዙ ሞልቷል ይላል።»

«እሺ።»

«ጀልባ የለኝም ይላል። አንተ ግን በስሜ ታውቀኛለህ ይላል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለ ወንድም ሳሙኤል። የሙያ ነገር ሆኖበት መቀመጥ አልቻለም። «አስተርጓሚ ‹ይላል› አይልም። ‹ይላል› ካሉ ነገሩ ይበርዳል። ሰውዬው ሲጮህ ይጩሁ፤ ሲያለቅስ ያልቅሱ። እጁን ሲያነሳ...»

«ሸክላ ነው፤ እጁን በምን ላየው?»

«ከድምፁ ያስታውቃል።»

እሱን ለማሳፈር ብዬ ጀመርኩ። «ወንዙ ሞልቷል!» አልኩ፤ እያሾፍኩ።

«አሜን!» አሉ እህቶች።

«ጀልባ የለኝም!»

«ጌታ ሆይ!»

ሰውዬው ከፍ ሲል ከፍ አልኩ፤ ሲሰበር ተሰበርኩ። ግራ ጣቴ ከሳህኑ ጋር ታስሯል፤ ወገቤ ጎብጧል፤ ቀኝ እጄ ግን ነጻ ስለነበረ የት እንደሄደ አላየሁትም። ማሾፌ የት ላይ እንዳለቀም አላውቅም። «እናቴም ሄደች! ወንድሜም ሄደ! ማዶ ቆሞ የሚጠራኝ ማነው?» እያልኩ ሳንባዬ እስኪወጣ ስጮህ፣ የሳሎኑ መጋረጃ ተገልጦ ባለቤቴ ቆማለች። ወንበሮቿን ፍለጋ ነው የመጣችው።

«አንተ ሰውዬ!» አለች። «ተቀበልክ እንዴ?»

«እየተረጎምኩ ነው!»

«ለማን?»

በአገጬ ማጫወቻውን አመለከትኳት። ሌላ እጅ አልነበረኝም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ አስኮ ደርሷል። አስኮ የሚኖሩት አማቴ ደውለው «የአባትህን ማተብ በጠስክ?» ብለው አልቅሰዋል። ማስረዳቱ ይቆየን።

ዘፈኑ አለቀ። ሌላ አስቀመጥኩ፤ ደግሞ ሌላ። እህቶች ያጨበጭባሉ፤ ከሁለተኛው በኋላ ስለ ሽፋሽፍት ያነሳ ሰው የለም። እትዬ አስካለ ግን አላጨበጨቡም። እያንዳንዱን ቃል እንደሚዋጥ መድኃኒት ሲቀበሉ ቆይተው፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። ወንድም ሳሙኤል ተነሳ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ አስመስሎም አይደለም።

«እትዬ አስካለ፣ ይስሙኝ» አለ። «ጋሽ ደምሴ እዚያች ክፍል ውስጥ ጌታን ሲያመሰግኑ ነው የኖሩት! አማኝ ነበሩ! እኛ አላወቅንም እንጂ እሳቸው ያውቁ ነበር!»

«ሃሌሉያ!»

እትዬ አስካለ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በመጀመሪያ ጊዜ ሻሻቸውን ከግንባራቸው ገፋ አደረጉ። ሊስቁ ነበር መሰለኝ። ሁሉም ተስማምቷል። አንድ ሳሎን ሙሉ ሰው በአንድ ሐሳብ ላይ ተስማምቶ ያጨበጭባል።

እኔም አሳከከኝ።

«እንግሊዝኛ አይችሉም ነበር እኮ» አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም። ጥያቄ የሚመስል ነገር እንኳ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው መንገድ ሊሠራ የመጣ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ሾፌር ነበሩ። ሰውዬው አገሩ ሲገባ ማጫወቻውንና ሸክላዎቹን ትቶላቸው ሄደ። የጋሽ ደምሴ እንግሊዝኛ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀጥታ፣ ቁም ነው። ይህን ግሮሰሪ ውስጥ ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል። ይህንኑ ለጉባኤው አብራራሁ፤ በደንብ አድርጌ፣ ከነዝርዝሩ። ጥሩ አስረጂ ነኝ።

ጭብጨባው በየተራ አለቀ። እትዬ አስካለ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱት።

«ካልገባቸው እንግዲህ...» አለ ወንድም ሳሙኤል፤ ድምፁ ወደ ሰውነቱ ልክ ወርዶ። «ቃሉ ሳይገባ እምነት ከየት ይመጣል? ጌታ ያውቃል።» ጌታ ያውቃል ሲባል ሰዎቹ አናውቅም ማለታቸው ነው። አጭር ጸሎት ጸለዩ። ወንድም ሳሙኤል ካርቶኑን ሊያነሳ ሲጎነበስ እትዬ አስካለ «ይቆይ» አሉ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። እህቶቹ አንድ በአንድ ጉንጫቸውን እየሳሟቸው ወጡ። ባለቤቴ ሁለት ወንበር ደራርባ ስታልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ዛሬን እንኳ ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክርክር አሸንፌአለሁ። አንዱንም እንደዚህኛው ልመልሰው የተመኘሁት የለም። ያልኩት እውነት ነበር፤ እሱ ነው የሚብሰው። ውሸት ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ አስተባብለው ነበር። እውነትን በምን ያስተባብሉታል? ላስቲኬን ልፈታ ጎንበስ አልኩ፤ ዓይናቸውን ላለማየት ነው እንጂ ላስቲኩማ ከዚያ በኋላ ለማንም አይሆንም።

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?» አሉኝ ከኋላዬ።

«ምኑን?»

«የማይገባውን ነገር ለምን እንደሚሰማ።»

ጠይቄያቸው ነበር። በግንቡ ስለሚመጣው ዱም ዱም ላማርር ግሮሰሪ ውስጥ ያዝኳቸውና፣ ቃሉ ሳይገባዎት ምኑን ነው የሚሰሙት ብዬ ነበር። ለጉባኤው ስዘረዝር ይህን ዘለልኩት። የሚጠቅመውን ዘልዬ የሚጎዳውን ብቻ መርጬ ማውራቴን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«ምን አለህ?»

«‹ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግን እውነቱን ነው› አሉኝ።»

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «አስኮ! አስኮ!» ይላል።

«እኔ በልሳን ስጸልይ የምለው ይገባኛል እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አይገባዎትም?»

«አንዲት ቃል! አፌ ይላል፤ ልቤ እውነት ነው ይላል። ይህን ሁሉ ዓመት ስጸልይ፣ ስላልገባሽ አይቆጠርልሽም ያለኝ የለም። ለእኔ የተቆጠረ ለእሱ የማይቆጠርበት ምን ምክንያት አለ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ልሳን የሚተረጉም ይፈልጋል ይላል ቃሉ። የእሱ ተርጓሚ ዘግይቶ መጣ እንጂ።»

የምመልሰው ነበረኝ። እውነቴን ነው፤ ከሐዋርያው መልእክት ጥቅስ ጭምር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ሲወርድ ተሰማኝ።

«ያን የወንዙን ድገመው» አሉ።

ላስቲኩን መልሼ ቋጠርኩ፤ ጣቴን አሳረፍኩ። ኦርጋኑ ገባ። ሰውዬው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከአጠገቤ ሌላ ድምፅ ጀመረ። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንጎራጎሩ ነው። ቃል የለውም፤ ዜማው ግን አንዲት ዝንፍ አይልም። የት ላይ እንደሚነሳ፣ የት ላይ ሴቶቹ እንደሚቀበሉት፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ያውቃሉ።

«ያውቁታል እንዴ?»

«ስንት ዓመት በበሩ ስሰማው።»

እያንጎራጎሩ ከሰውዬው ጋር ወንዙ ዳር ደረሱ። ጀልባ የለኝም የሚለውን አለፉት። ወዲያው ድምፃቸው ቀጥ አለ። ዘፈኑ ግን አልቆመም። ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምነው?» አልኩ።

«ከዚህ ወዲያ አላውቀውም።»

«እንዴት?»

«እዚህ ላይ ሲደርስ ነበር ‹ዝጋው› የምለው። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።» ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አንድ ቀን እንኳ አልዘጋም ብሎኝ አያውቅም እኮ።»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አዲስ ነገር ሊናገር ነው። ልማዴ ነውና ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ፤ ወንበራቸውንም ወደ ማጫወቻው ሳብ አደረጉ።

ሸክላው ገና ብዙ ይቀረው ነበር።